ለአሮጌ ፒክአፕ የሚሆን ዘይትና ፊልትሮ፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያለችኝ አንዲት አሮጌ ሃይሉክስ ናት። ቀለሟ ለቋል፤ የግራ በሯ ከውጭ ብቻ ነው የሚከፈተው። ጠዋት ግን በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ይህን ያየ ሁሉ «ምን ዘይት ነው የምታደርግላት?» ይለኛል። ጥያቄው ፒያሳ ቡና ላይ ይመጣል፤ አዘዞ ጎማ ሳስነፋም ይመጣል። መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን በራሴ ኪስ የተማርኩት ብዙ ነው፤ መካኒኮችንም በጥያቄ አሰልችቻለሁ። የተጠየቅኩትን ሰብስቤ እዚህ አስቀመጥኩት። አብዛኛው ስለ ናፍጣ ፒክአፕ ነው፤ እኛ ጋ የሚበዛውም እሱ ስለሆነ።

የመኪናዬ ሞተር ምን ዓይነት እንደሆነ እንዴት ልወቅ?

ሊብሬውን ብቻ አትመኑ። አሮጌ ፒክአፕ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ተቀይሯል። ወረቀቱ 2.4 ይላል፤ ኮፈኑ ሲከፈት 2.8 ተቀምጦ ይገኛል። የሞተሩ ቁጥር ብሎኩ ላይ ተመትቷል። ቅባቱን በጨርቅ ጠርጋችሁ አንብቡት። የድሮዎቹ የናፍጣ ሃይሉክሶች ላይ 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል የሚል ታገኛላችሁ። 2ኤል 2,446 ሲሲ ነው፤ 3ኤል 2,779፤ 5ኤል 2,986። ኢሱዙ ከሆነ 4ጄኤ1 ሊሆን ይችላል፤ እሱ 2,499 ሲሲ ነው።

መለዋወጫ ቤት ስትሄዱ ይህን ንገሯቸው። «የሃይሉክስ ፊልትሮ ስጠኝ» ማለት «የልጅ ጫማ ስጠኝ» እንደ ማለት ነው። የስንት ዓመት ልጅ?

ታዲያ የትኛው ዘይት ይሻላል?

አጭሩ መልስ፦ 15 ደብሊው 40 የናፍጣ ዘይት፣ ጀርባው ላይ ሲኤች-4 ወይም ሲአይ-4 የሚል ደረጃ ያለው። ለአብዛኛው አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ከዚህ በላይ መጨነቅ አያስፈልግም።

ለምን እንደሆነ ማወቅ ለሚፈልግ፣ ቁጥሮቹን እንያቸው። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ያለውን ጠባይ ይናገራል። 15 ደብሊው የሚባለው ዘይት የሚፈተነው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሞተር ማስነሳት መቻሉ ታይቶ ነው። 20 ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ላይ። ጎንደር እንዲህ አይበርድም። ደባርቅ እንኳ በጥር ሌሊት እዚያ አይደርስም። ስለዚህ «5 ደብሊው ነው፣ ለብርድ አሪፍ ነው» ብሎ ውድ ዘይት የሚሸጥላችሁ ሰው የማታውቁትን ብርድ ነው የሚሸጥላችሁ።

እኛን የሚመለከተን ሁለተኛው ቁጥር ነው። እሱ ዘይቱ ሲግል፣ 100 ዲግሪ ላይ ሲደርስ፣ ምን ያህል ወፍራም ሆኖ እንደሚቆይ ይነግረናል። 40 የሚባለው በሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ ነው) ሲለካ ከ12.5 እስከ 16.3 ነው። 50 የሚባለው ከ16.3 እስከ 21.9። ይህ ልዩነት ከጎንደር ስትወጡ ይታያችኋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። መተማ ደግሞ 700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ በሙቀቷ ትጠብቃለች። በመጋቢት ጭነት ይዞ ከመተማ ወደ ላይ የሚወጣ መኪና ዘይቱ ይቀጥናል። ሥራችሁ እንዲህ ከሆነ፣ ሞተሩም የደከመ ከሆነ፣ 20 ደብሊው 50 አድርጉ። ከተማ ውስጥ ለሚዞርና ባሕር ዳር ደርሶ ለሚመለስ ግን 15 ደብሊው 40 ይበቃል።

እኔ ዓመቱን ሙሉ 15 ደብሊው 40 ነው የማደርገው። ቆላ ስወርድ የማደርገው ለውጥ ቢኖር መለኪያውን ቶሎ ቶሎ ማየት ብቻ ነው።

ሲኤች፣ ሲአይ፣ ኤስኤን የሚሉት ፊደሎች ምንድን ናቸው?

የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም፣ ኤፒአይ የሚባለው፣ የሚያወጣቸው ደረጃዎች ናቸው። በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን። ሁለተኛው ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ሲኤፍ-4 በ1990 እ.ኤ.አ. የመጣ ነው፣ ሲኤች-4 በ1998፣ ሲአይ-4 በ2002፣ ሲጄ-4 በ2006፣ ሲኬ-4 በ2016። አዲሱ በአሮጌው ቦታ ይገባል። አሮጌው ግን በአዲሱ ቦታ አይገባም።

አንድ የሚያሳስት አለ፦ ኤፍኤ-4። እሱም በ2016 ነው የመጣው፤ ግን ቀጭን ዘይት ለሚፈልጉ አዳዲስ ሞተሮች ብቻ የተሠራ ነው። ለኛ አይሆንም። ሲጄ-4 እና ሲኬ-4 አይጎዱም። ግን የተሠሩት በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ላይ የጥላሸት ማጣሪያ ለተገጠመላቸው መኪኖችና ሰልፈሩ ለተቀነሰ ናፍጣ ነው። የኛ አሮጌ ፒክአፕ ያ ማጣሪያ የለውም። ለሌለን ዕቃ ገንዘብ አንከፍልም።

ስም ብቻ አይታችሁም አትግዙ። ሼል ሪሙላ፣ ቶታል ሩቢያ፣ ሞቢል ዴልቫክ የታወቁ የናፍጣ ዘይቶች ናቸው። ግን በአንድ ስም ሥር ብዙ ደረጃ አለ። ጄሪካኑን አዙራችሁ ጀርባውን አንብቡ። ባለ ሱቁ ቢቸኩልም ይጠብቅ።

የድሮ ሾፌሮች «40 ቁጥር ብቻ» ይላሉ። ትክክል ናቸው?

በዘመናቸው ትክክል ነበሩ። ባለ አንድ ቁጥር ዘይት ሲግል ከ15 ደብሊው 40 እምብዛም አይለይም። ልዩነቱ ጠዋት ነው። ያኔ እንደ ማር ይወፍርና ወደ ቴስታታው፣ ወደ ሞተሩ የላይኛ ክፍል፣ እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል። ሞተሩም ለዚያች ጊዜ ደርቆ ይሠራል። ሌላ ከጠፋ አድርጉት፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ግን አታስጩኹት።

ሲንተቲክ (በፋብሪካ የተቀመመውን ውድ ዘይት) ላድርግ?

ገንዘብ ከተረፈ ክፉ አይደለም። ግን ዘይት ለሚያንጠባጥብ ሞተር ውድ ዘይት ማድረግ መሬቱን ውድ ዘይት ማጠጣት ነው። ሲንተቲክ ገዝቶ 12,000 ኪሎ ሜትር ከሚነዳ ሰው፣ ተራውን ዘይት በየ5,000 የሚቀይር ሰው ሞተር ሲቆይ ነው ያየሁት።

በስንት ኪሎ ሜትር ልቀይር?

ለተራ ዘይት 5,000 ብዙዎቻችን የምንሄድበት ነው። ፒስታ (የጠጠር መንገድ) ለሚበዛበት፣ ጭነት ለሚያዘወትር፣ ሞተሩ ለደከመ ወደ 3,000 ወይም 4,000 አውርዱት። መኪናው ብዙም ካልተነዳ ደግሞ በ6 ወር አንዴ።

እዚህ ላይ ግን ኪሎ ሜትር የማይቆጥረው ሥራ አለ። ጥምቀትን አስቡ። ፒክአፑ ድምፅ ማጉያ ጭኖ ከሕዝቡ ጋር በእግር እርምጃ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ይወርዳል። በማግስቱ ይመለሳል። ቆጣሪው ላይ የሚጨምረው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ሞተሩ ግን 8 ሰዓት፣ 10 ሰዓት ሠርቷል፤ ያውም ነፋስ ሳያገኝ። እኔ መኪናው ቆሞ የሠራበትን 1 ሰዓት እንደ 40 ኪሎ ሜትር እቆጥረዋለሁ። ግምት ነው፤ ግን ከምንም ይሻላል። የነዳጅ ሰልፍ ላይ ሞተር ሳያጠፋ እየተንፏቀቀ የሚውል ሰውም ይህን ሒሳብ ያስብ። (አጥፉት እንጂ። ሰልፉ የትም አይሄድም።)

ዘይቱ በሳምንቱ ጠቆረ። ተታለልኩ?

አልተታለላችሁም። ናፍጣ ጥላሸት አለው፤ ዘይቱ ያን ጥላሸት መያዙ ሥራው ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገር ሲነጻጸር በአምስት አንድ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ደግሞ አየር ሲያጣ ጭሱ ይጠቁራል። እንዲያውም ብዙ ነድታችሁ ዘይቱ ሳይጠቁር ቢቀር ያን ጊዜ ጠይቁ።

የሚያስፈራው ሌላ ቀለም ነው። ወተት የመሰለ ዘይት ካያችሁ ውኃ ገብቷል፤ ብዙ ጊዜ የቴስታታ ጋስኬት ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ አንዲት ጠብታ የጋለ ብረት ላይ ጣሉ። ውኃ ካለው እንደ ሽንኩርት ይንጫጫል። የእናታችሁን የቡና መቁያ ግን አትንኩ፤ ከዘይቱ የባሰ ጣጣ ነው። ዘይቱ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተና መለኪያው ላይ ከፍ እያለ ከመጣ ደግሞ ናፍጣ እየገባበት ነው። ያን ይዛችሁ ሩቅ መንገድ አትውጡ።

መኪናዬ ዘይት ይበላል። ወፍራም ዘይት ላድርግ?

መጀመሪያ ይበላል ወይስ ያፈሳል? ማታ ከሥሩ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ካርቶኑ ይናገራል። ጠብታው ከፊት ነው፣ ከመሐል ነው፣ ከኋላ ነው? ቦታውን ምልክት አድርጋችሁ ለመካኒኩ አሳዩት። በወሬ ከመግለጽ ይሻላል።

አንድ ሰው የማያየው ቦታ ልንገራችሁ። በነዚህ የድሮ የናፍጣ ቶዮታዎች ላይ ከዲናሞው ጀርባ አንዲት ትንሽ ፓምፕ አለች። የፍሬን ፔዳሉን የምታቀልለው እሷ ናት፤ የምትሠራውም የሞተሩን ዘይት እየጠጣች ነው። ወደ እሷ የሚሄዱ ቀጫጭን የዘይት ቱቦዎች አሉ። ጎማው ሲያረጅ ይሰነጠቃል። በዚያች ስንጥቅ ዘይቱ በአንድ መንገድ ሊያልቅ ይችላል። ፓምፗ ዘይት ስታጣ ደግሞ ፍሬኑ ይጠነክራል። ይህ ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ቢደርስባችሁ ብላችሁ አስቡት። ቱቦዎቹን በጣት እጠፏቸው፤ ከሰነጠቁ ዛሬውኑ ቀይሩ። ቁልቁለት ላይ ሞተር ማጥፋትም በዚሁ ምክንያት ክልክል ነው።

ፍሳሽ ከሌለና ማርሚታው ሰማያዊ ጭስ የሚተፋ ከሆነ ግን መብላቱ እውነት ነው። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎሚኒው አልቋል። 20 ደብሊው 50 ማድረግ ይቀንሰዋል፤ አያድነውም። እኔ ትንሽ ደብተር መሳቢያ ውስጥ አለችኝ። በ1,000 ኪሎ ሜትር ስንት እንደጨመርኩ እጽፋለሁ። ግማሽ ሊትር ከሆነ አብሬው እኖራለሁ። 1 ሊትር ካለፈ ሞተር የማውረድ ገንዘብ ማጠራቀም እጀምራለሁ። በቆርቆሮ የሚሸጠውን «ዘይት መብላት የሚያቆም» መድኃኒት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴም ገንዘቤን ብቻ ነው የበላው።

የዘይት ፊልትሮውን በየሁለት ሰርቪሱ ብቀይርስ?

አይሆንም። የድሮው ፊልትሮ ውስጥ ሊወጣ ያልቻለ ቆሻሻ ዘይት ይቀራል። ንጹሑን ዘይት እዚያ ላይ ማፍሰስ ገላን ታጥቦ የቆሸሸ ልብስ መልበስ ነው። ፊልትሮው ከጠገበ ደግሞ ውስጡ ያለችው ማሳለፊያ ትከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። መኪናው ምንም አይነግራችሁም፤ እየሄደ ይበላሻል።

ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ። ይህን የምለው በደረሰብኝ ነው። አንድ ቀን ቸኩዬ ለአንድ የማላውቀው ሰው ሰጠሁት፤ እሱም ከኔ ይልቅ ቸኩሎ ነበር። ዘይትና ፊልትሮ ቀይሮ «ጨርሻለሁ» አለኝ። ወደ አይከል መንገድ ወጣሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ነዳሁ። መንገድ ዳር ከብት የሚጠብቅ ልጅ እጁን እያወናጨፈ «ጋሼ፣ ጋሼ፣ መኪናዎ ደማ!» አለኝ። ቀልድ መሰለኝ። ወዲያው ቀዩ የዘይት መብራት በራ። ሞተሩን እዚያው አጠፋሁት። ወርጄ ወደ ኋላ ሳይ አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር እስከ ኩርባው ድረስ ተሰምሯል።

የሆነው ይህ ነው። የድሮው ፊልትሮ ሲፈታ ክብ ጎማው ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ሰውየው አላየውም። አዲሱን ከነጎማው እዚያው ላይ አሠረው። ሁለት ጎማ ተነባበረ። ግፊቱ ሲበረታ አንደኛው እንደ ምላስ ወደ ውጭ ወጣ፤ ዘይቱም በዚያ ተረጨ። ያ ልጅ ባይኖር ሞተሩ ደርቆ ይነክስና ይቆም ነበር። ለብስኩት ብዬ ብር ሰጠሁት። አንሷል፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ፊልትሮው ሲፈታ የድሮውን ገልብጣችሁ እዩ፤ ጎማው አብሮት መውጣት አለበት። የሚገጠምበትን ቦታ በጨርቅ አስጠርጉ። የአዲሱን ጎማ በጣታችሁ ዘይት ቀቡት። በእጅ ይዙር፤ ጎማው ከነካ በኋላ ሦስት ሩብ ዙር ይበቃል። በቁልፍ የሚያሥር ሰው ካያችሁ አስቁሙት። ሞተሩን አስነሱና ከሥር እዩ። ከዚያ በኋላ ሂሳብ ክፈሉ።

ኮፒ ፊልትሮ በምን ይለያል?

በካርቶኑ አይለይም፤ ካርቶኑን ከኦሪጅናሉ አሳምረው ያትሙታል። ዕቃውን አውጡት። የድሮውን ይዛችሁ ሄዳችሁ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በእጅ መዝኑት፤ ኮፒው ይቀልላል፤ ውስጡ ያለው ወረቀት ትንሽ ነው። በትናንሾቹ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ እዩ፤ የጎማ ሽፋን መታየት አለበት። ያ ጎማ ሞተር ሲጠፋ ዘይቱ ተመልሶ እንዳይወርድ ይይዛል። እሱ ከሌለ ወይም ደረቅ ከሆነ ጠዋት ስታስነሱ የዘይት መብራቱ ሳይጠፋ ይቆያል፤ ሞተሩም ለጥቂት ሰከንድ ያንኳኳል። ይህን ከሰማችሁ ወንጀለኛው ዘይቱ ላይሆን ይችላል።

የግድ የቶዮታ ካርቶን መሆን የለበትም። «ቪክ»፣ «ሳኩራ»፣ «ማን» የሚባሉት የፊልትሮ ስሞች ጥሩ ናቸው፤ እውነተኛው ከተገኘ። ጥርሱ ገጠመ ማለትም ተስማማ ማለት አይደለም። የሚገጥም ግን ማሳለፊያው ለሌላ ሞተር የተሠራ ፊልትሮ ሞልቷል።

የአየር ፊልትሮ ያን ያህል ያሳስባል?

ከዘይቱ ይበልጣል። ሰው ስለ ዘይት ብራንድ አንድ ሰዓት ይከራከርና የአየር ፊልትሮውን ሳይከፍት ዓመት ይሞላዋል።

በበጋ ወደ አርማጭሆ ገጠር የወረደ ሰው ያውቀዋል። ክረምት ላይ ጎማ የሚውጠው ዋልካ አፈር በጥር እንደ ዱቄት ይሆናል። ከፊታችሁ አንድ ኤፍኤስአር ካለ ምንም አይታያችሁም። ያ ዱቄት ውስጡ እንደ አሸዋ ጠንካራ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ፋሻውን የሚበላው እሱ ነው። «ዘይት ይበላል» የተባለው መኪና ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የበላው አቧራ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ከፊልትሮው ወደ ሞተር የሚሄደውን ወፍራም ጎማ ፍቱና ውስጡን በጣት ጥረጉ። ጣታችሁ ንጹሕ ከወጣ ደህና ነው። ቡናማ ከሆነ አቧራው በሆነ ቦታ እየሾለከ ነው፤ ፊልትሮው ተቀዷል፣ ወይም ጎማው ተሰንጥቋል፣ ወይም የቤቱ መያዣ አልተቆለፈም። እኔ አንድ ጊዜ አዲስ ፊልትሮ ገጥሜ ጣቴ ቡናማ ወጣ። ያጣሁት የአንዲት መያዣ ሽቦ ነበር። በላስቲክ ገመድ አሥሬ ስሄድ ከርሜአለሁ።

ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋትም መላ አለው። የሚነፋው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ከውጭ ከተነፋ አቧራው ወረቀቱ ውስጥ ይቀበራል። አፍንጫውን አታስጠጉ፤ ግፊቱም ለጎማ የሚሰጠውን ያህል አይሁን። ከዚያ ውስጡ የስልክ መብራት አስገቡና ጨለማ ቦታ አዙሩት። የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን ካያችሁ ጣሉት። ወረቀቱን በውኃና በኦሞ አትጠቡ። በየቀኑም አትክፈቱት። ፊልትሮ ትንሽ ሲቆሽሽ እንዲያውም ይበልጥ ያጣራል፤ በከፈታችሁት ቁጥር ግን አቧራ ወደ ውስጥ ይራገፋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተነፋ በኋላ አዲስ ግዙ።

ወረቀት የሌለው፣ ከታች ዘይት የሚደረግበት የጥንት ዓይነት ያላችሁ ደግሞ እድለኞች ናችሁ። በናፍጣ ታጥቦ፣ እስከ መስመሩ የሞተር ዘይት ተሞልቶ ዕድሜ ልኩን ያገለግላል።

የናፍጣ ፊልትሮስ?

መመሪያው ላይ ያለው ቁጥር ከማደያ ለሚቀዳ ሰው ነው። እኛ ነዳጅ ሲጠፋ በጄሪካን እንገዛለን። ያ ጄሪካን ትናንት ምን እንደያዘ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ውኃ ሊኖረው ይችላል፣ ዝገት ሊኖረው ይችላል፣ ነጭ ጋዝ ተደባልቆበት ሊሆን ይችላል። ነጭ ጋዙ የሚጎዳው ለምን መሰላችሁ? የናፍጣ ፖምፓው የሚቀባው በራሱ በናፍጣው ነው። ነጭ ጋዝ ደረቅ ነው። ፖምፓው ውስጥ ለውስጥ ይፋቃል፤ የፖምፓ ሥራ ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

የግድ ከሆነ ጄሪካኑን አንድ ሌሊት አስቀምጡት። ውኃና ቆሻሻ ከታች ይዘቅጣል። ጠዋት ሳታናውጡ ከላይ በቱቦ ቅዱ፤ የመጨረሻውን አንድ ሁለት ሊትር ተዉት። በንጹሕ ጨርቅ አሳልፉት።

ፊልትሮው ከሥሩ የውኃ ማፍሰሻ አለው። በ15 ቀን አንዴ ላላ አድርጉና ከላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እየተጫናችሁ በብርጭቆ ተቀበሉ። ውኃ ካለ ብርጭቆው ሥር ተለይቶ ይታያል፤ ልክ እንደ ጠላ አተላ መስመር ይሠራል። ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስሱ። እኔ ፊልትሮውን በ10,000 ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ፤ አንድ ትርፍ ደግሞ ከወንበሩ ሥር አይጠፋም። ከቀየራችሁ በኋላ የእጅ ፓምፑን እስኪጠነክር ተጫኑት። አለዚያ አየር ይይዝና ባትሪ እስኪያልቅ ታሽከረክሩታላችሁ።

ዘይቱ ራሱ የውሸት እንዳይሆን ምን ላድርግ?

ከማደያ ወይም ከታወቀ ወኪል ግዙ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ። ክዳኑ ላይ ያለው ቀለበት ያልተነካ ይሁን። የታተመው የምርት ቁጥር በጣት ሲታሽ መልቀቅ የለበትም። ዋጋው ከሌላው በጣም ከረከሰ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ሌላው የኛው ድርሻ ነው። ባዶ ጄሪካን ለቁራሌው ስትሰጡ መጀመሪያ በቢላ ቅደዱት። ሳይቀደድ የሄደ ባዶ ዕቃ፣ ተሞልቶ ወደ እናንተው ሊመለስ ይችላል። ጋራዥ ስታስቀይሩም ባዶውን ይዛችሁ ውጡ።

የእኔ ቤንዚን ነው። ይለያል?

ደረጃው በ«ኤስ» ይጀምር፤ ኤስኤል ወይም ከዚያ በላይ። 22አር ለመሰለ አሮጌ ሞተር 15 ደብሊው 40 ወይም 20 ደብሊው 50 ያስኬዳል። ብዙ ዘይት «ሲአይ-4» እና «ኤስኤል» ሁለቱንም ይጽፋል፤ እሱ ለሁለቱም ይሆናል። የአየር ፊልትሮው ነገር ያው ነው።

ሁለት ዓይነት ዘይት ብቀላቅልስ?

መንገድ ላይ ጎድሎባችሁ ከሆነ ያገኛችሁትን የሞተር ዘይት ጨምሩ፤ ያለ ዘይት ከመሄድ ሁሉም ይሻላል። ቤታችሁ ስትደርሱ ቀይሩት። የካምቢዮ ዘይት ግን የሞተር ዘይት አይደለም፤ ተለምናችሁም አትጨምሩ።

መለኪያውን እንዴት ነው በትክክል የማየው?

ሜዳ ላይ። ይህ ጎንደር ላይ ቀላል አይደለም። ሰፈሬ ሁሉ አቀበት ነው፤ ቤቴ በር ላይ ሳየው ሁሌም የጎደለ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ በዚህ ተታልዬ 1 ሊትር ያህል ጨመርኩ። አዘዞ ሜዳ ላይ ቆሜ ሳየው ከላይኛው ምልክት አልፎ ሄዷል። ዘይት ሲበዛም ችግር ነው፤ ኮሎው (ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ዘንግ) እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ አይቀባም። ከሥር ባለው ቡሎን ትንሽ ትንሽ አፈሰስኩ፤ ካልሲዬም ድርሻውን ወሰደ።

ሞተሩ ከጠፋ 5 ወይም 10 ደቂቃ ቆዩ። ዘንጉን አውጥታችሁ ጥረጉ፣ መልሱ፣ እንደገና አውጡ። ሁለተኛው ነው እውነቱ። በብዙ መኪኖች በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው 1 ሊትር ገደማ ነው። እኔ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ሁሌም በዚያው ቦታ አቁሜ ነው የማየው። ቦታው አንድ ከሆነ ለውጡ ይታወቃል።

የወጣውን ዘይት የት ልጣለው?

ቦይ ውስጥ አይደፋም። ከቦዩ ወደ ቀሃ ወይም ወደ አንገረብ ወንዝ ነው የሚሄደው፤ የአንገረብ ግድብ ደግሞ የከተማው የመጠጥ ውኃ ነው። በአሮጌ ጄሪካን አጠራቅሙና ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ። ገጠር ላይ ለምስጥ ብለው አጥርና ምሰሶ የሚቀቡ አሉ፤ የሚቀባው ሰው ጓንት ያድርግ፣ ከጉድጓድ ውኃም ይራቅ። የተቃጠለ ዘይት ቆዳ ላይ ሲቆይ ለካንሰር ያጋልጣል፤ እጃችሁን በናፍጣ ሳይሆን በሳሙና ታጠቡ። የፊልትሮውን ቆርቆሮ ገልብጣችሁ አንድ ሌሊት አንጠፍጥፉት፤ ጠዋት ቁራሌው ይወስደዋል።